ቁጥርን ይዞ መውጣት

እህቴ እትዬ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ከገባች ብዙ ዓመት ሆናት። የስልክ መስመሯ ከአንድ አነስ ያለ የቅድመ ክፍያ ድርጅት ነበር። ስሙን ልተወው። እሷ የወደደችለት ነገር አንድ ነው፤ በወር ጥቂት ዶላር ከጨመረች ወደ ኢትዮጵያ መደወያ ደቂቃ ይሰጣታል። ለሌላው ግድ የላትም። ኢንተርኔቱ ቢንቀረፈፍም አትነጫነጭም። የጎንደር ልጅ አይደለች? ለምዳዋለች።

አንድ ቀን መልእክት ገባላት። ድርጅቱ ከሌላ ትልቅ ድርጅት ጋር ተዋህዷል፣ እንኳን ደስ አለዎት፣ ለእርስዎ የሚቀየር ነገር የለም ይላል። በቴሌግራም ላከችልኝና ከሥሩ በድምፅ "ምንም አይቀየርም ካሉህ ጠርጥር" አለች። እውነቷን ነው። ምንም የማይቀየር ከሆነ መልእክቱ ምን አስፈለገ?

ለውጡ ድንገት ዱብ አላለም። ቀስ እያለ ነው የመጣው። መጀመሪያ ስልኩ አናት ላይ የሚታየው ስም ተለወጠ። ቀጥሎ ሂሳብ የምትከፍልበት መተግበሪያ "አዲሱን ያውርዱ" አላት። ከዚያ በፖስታ አዲስ ሲም መጣ። ሲሙን ስታስገባው ያ ለዓመታት የታመነላት ስልክ አዲሱን ኔትወርክ በቅጡ አልያዘም። ስልክ ግዢ አሏት፤ ገዛች። እስከዚህ ድረስ እዳው ገብስ ነበር። የወሩ ሂሳብ ሲመጣ ግን ወደ ኢትዮጵያ መደወያው ደቂቃ የለም። ደወለች። ሙዚቃ ሲያሰሟት ቆይተው "ያ ጥቅል ከድሮው ድርጅት ጋር ቀርቷል" አሏት።

"በቃ እወጣለሁ" አለችኝ።

እኔ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለችኝ። ገበያ ሲቀዘቅዝ የማላነበው ነገር የለም። የእትዬ ነገር ሆዴ ገብቶ ስለ አሜሪካ የስልክ ድርጅቶች ማንበብ ጀመርኩ።

እዚያ ድርጅት ድርጅትን መዋጡ ብርቅ አይደለም። ስሙ የገነነው የስፕሪንትና የቲ-ሞባይል ውህደት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 እንዋሃድ ብለው ተስማሙ። በአገሩ አራት ትልልቅ የሞባይል ድርጅቶች ነበሩ፤ ሦስት ሊቀሩ ነው። ኒው ዮርክና ካሊፎርኒያ ሌሎች ግዛቶችን አስተባብረው ፍርድ ቤት ገተሯቸው። ሦስት ብቻ ከቀሩ ዋጋ ይንራል ነው ክርክሩ። ፍርድ ቤቱ በ2020 መጀመሪያ ለድርጅቶቹ ፈረደ፤ ሚያዝያ ላይ 26 ቢሊዮን ዶላር ያህል የተገመተው ውህደት ተጠናቀቀ። መንግሥት ሲፈቅድ ግን አራተኛ ተፎካካሪ ይተካ ብሎ ነበር። ቡስት የተባለው የቅድመ ክፍያ መስመር ተነጥሎ ዲሽ ለተባለ የሳተላይት ቴሌቪዥን ድርጅት በ1.4 ቢሊዮን ዶላር ተሸጠ። ዲሽም አራተኛ ሆኖ ሊቆም ታገለ፣ ታገለና በ2025 የዲሽ ባለቤት ከያዘው የሬዲዮ ሞገድ ብዙውን ለሌሎች ለመሸጥ ተስማማ። በወረቀት የተፈጠረ ተፎካካሪ ዕድሜው ይኸው ነው።

የእትዬ ስልክ ለምን አዲሱን ኔትወርክ እንዳልወደደ የገባኝም ከዚሁ ታሪክ ነው። የስፕሪንት የቆየው ኔትወርክ ሲዲኤምኤ በሚባለው ቴክኖሎጂ ነበር የሚሠራው። ቲ-ሞባይል ደግሞ እንደኛው ጂ.ኤስ.ኤም. ነው። ሲዲኤምኤ እኛም አገር አንድ ሰሞን ነበር፤ ያ ገመድ አልባው የቤት ስልክ ትዝ ይላችሁ ይሆናል። ሁለቱ አይግባቡም። ስለዚህ ሁለት ድርጅት ሲዋሃድ አንዱ ኔትወርክ ይዘጋል፤ በዚያ ብቻ የሚሠራ ስልክ የያዘ ሰው ስልኩ የልጅ መጫወቻ ሆነ ማለት ነው። የስፕሪንት ሲዲኤምኤ እ.ኤ.አ. በ2022 ተዘጋ።

ላለመዋሸት ያህል፣ ውህደቱ ዝም ብሎ ስግብግብነት ብቻ አይደለም። ጥምቀት ዕለት ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር የወረደ ሰው ይገባዋል። ስልኩ ላይ ኔትወርኩ ሙሉ ነው፤ ስትደውል ግን አይወጣም። በሕዝቡ መሀል የጠፋህን ሰው የምታገኘው ወይ በአጋጣሚ ነው ወይ ቀድማችሁ በተቀጣጠራችሁበት ዛፍ ሥር ነው። የኔትወርክ ምሰሶው ቅርብ ነው፣ ምልክቱም ጠንካራ ነው፤ ችግሩ አንድ ምሰሶ ያለው ሞገድ የተወሰነ መሆኑ ነው። ያንን በአንድ ጊዜ የሚሻማው ስልክ ከበዛ ለሁሉም አይደርስም። ድርጅቶች ሲዋሃዱ የሁለቱ ሞገድና የሁለቱ ምሰሶ አንድ ላይ ይሆናል። ስፕሪንት ብዙ ዳታ የሚሸከም፣ ግን ሩቅ የማይሄድና ግድግዳ የሚያስቸግረው ሞገድ በብዛት ነበረው። ቲ-ሞባይል ሩቅ የሚደርሰውን ይዟል። ሲገናኙ ለአምስተኛው ትውልድ ኔትወርክ ተመቻቸው። ይህ የማይካድ ነው። ጥያቄው ትርፉን ማን በላው ነው።

አሁን ወደ እትዬ ልመለስ። "እወጣለሁ" ስትል እኔ የፈራሁት ስለ ገንዘቡ አልነበረም። ስለ ቁጥሩ ነው። ምክንያቱ እማዬ ናት።

እማዬ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው የምትይዘው። የማታውቀውን ቁጥር አታነሳም። አትነሺ ያልናትም እኛው ነን። "ዕጣ ደርሶዎታል፣ የሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩን" የሚሉ ሰዎች አንድ ጎረቤታችንን አራቁተዋታል። የእትዬን ስም ስልኩ ላይ ብመዘግብላትም እማዬ ስም አታነብም፤ ቁጥሩን ነው የምታየው። የእትዬ ቁጥር መጨረሻው ላይ ሁለት ሰባት አለ። ሁለቱን ሰባት ስታይ የያዘችውን ጥላ ታነሳለች። ከሌላ ቁጥር ከሆነ ይጮኻል፣ ይጮኻል፣ ያቆማል።

እትዬ ድሮ በርካሽ የመደወያ ካርድ ትደውል ነበር። ያኔ እማዬ ስልክ ላይ የሚወጣው የአሜሪካ ቁጥር ሳይሆን የማናውቀው 09 ነው። ኋላ ነው የገባን። ከውጭ የሚመጣውን ጥሪ በሕጋዊው መስመር ከማሳለፍ ይልቅ አገር ውስጥ በተደበቀ ሲም ቦክስ በሚባል መሣሪያ የሚያስገቡ አሉ። ሳጥኑ ውስጥ ብዙ ሲም ይሰካሉ፤ ጥሪው ከአንዱ ሲም እንደተደወለ የአገር ውስጥ ጥሪ ሆኖ ይገባል። ለደዋዩ ይረክሳል፤ ትርፉ ለሳጥኑ ባለቤት ነው። ፖሊስ በየጊዜው ያዝኩ ይላል። እኛ ቤት ግን ጉዳቱ ሌላ ነበር። ልጅ ከአሜሪካ ትደውላለች፣ እናት ሌባ ነው ብላ አታነሳም። እትዬ ያንን የደቂቃ ጥቅል የያዘችው በገዛ ቁጥሯ እንዲገባላት ነው።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ ነገሩ ለየለት። ቴሌግራም የለ፣ ቪዲዮ የለ። ለወራት። ደህና ናችሁ ወይ የሚባለው በተራ ጥሪ ብቻ ሆነ። ተኩስ ተሰማ በተባለ ቁጥር እትዬ ትደውላለች፣ ሁለቱ ሰባት ይበራሉ፣ እማዬ "አለን ልጄ፣ አለን" ትላለች። ከዚያ በላይ ብዙም አይባልም። እና ያ ቁጥር ቢጠፋስ?

አልጠፋም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2003 ጀምሮ የሞባይል ደንበኛ ድርጅት ሲቀይር ቁጥሩን ይዞ የመሄድ መብት አለው። የምትለቀው ድርጅት ዕዳ አለብህ ብሎ እንኳ ቁጥሩን ሊይዝብህ አይችልም። ዕዳውን ትከፍላለህ፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ቁጥሩ ግን አብሮህ ይሄዳል። እትዬ ከልጇ ጋር ተቀምጠው ከድሮው ድርጅት የደንበኝነት ቁጥሯንና የማዛወሪያ ፒን አወጡ። ያንን ለአዲሱ ድርጅት ሰጡ። ልጁ አንድ ነገር አጥብቆ አስጠነቅቋት ነበር፦ አስቀድመሽ የድሮውን መስመር እንዳታዘጊ። መስመሩ ከተዘጋ የሚዛወር ነገር የለም። የሚዘጋው ራሱ ዝውውሩ ነው። ፒን የተባለውም ለክፋት አይደለም፤ የሰው ቁጥር በስሙ አዛውረው የባንክ ኮድ የሚቀበሉ ሌቦች ስላሉ ነው።

ስልኳ ትንሽ ሰዓት "አገልግሎት የለም" አለ። ከዚያ መጣ። ወዲያው እዚህ ደወለች። እማዬ ሁለቱን ሰባት አይታ አነሳች። ስለ ጎረቤት ሠርግ አወራቻት። ድርጅት እንደተሸጠ፣ ሲም እንደመጣ፣ ስልክ እንደተገዛ፣ ልጅዋ እንደተናደደች ምኑም አልደረሰባት። እንግሊዝ አገር ደግሞ ይባስ ቀሏል አሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 ቮዳፎንና ስሪ የተባሉት ድርጅቶች ሲዋሃዱ ያልተመቸው ደንበኛ ወደ 65075 አጭር መልእክት ልኮ የመውጫ ኮዱን ይቀበላል። ማንንም አይለምንም፤ "ለምን ትሄዳለህ" የሚል የደንበኞች አገልግሎት ጋር ክርክር አይገጥምም።

ይህን ሁሉ ስሰማ በእጄ የያዝኩትን ስልክ አየሁት። ሁለት ሲም አለው።

እኛ ጋ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እነሱ ከአራት ወደ ሦስት ሲወርዱ እኛ ከአንድ ወደ ሁለት ወጣን። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሳፋሪኮም የመራው ጥምረት 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ፈቃድ አገኘ፤ መስከረም 2015 ላይ አዲስ አበባ በይፋ ሥራ ጀመረ። ያን ሰሞን "የትኛው ይሻላል?" የማይል ሰው አልነበረም። ባጃጅ ውስጥ፣ ቡና ቤት፣ ሱቄ በር ላይ ወሬው እሱ ነበር። እኔም ጎንደር ላይ ሲሙ ሲሸጥ ዓይኔን ሳላሽ አወጣሁ። ዳታው ተመቸኝ። ዋጋውም። በቃ ሙሉ በሙሉ ልዛወር ብዬ ነበር።

ቁጥሩ ግን በ07 ነው የሚጀምረው። የድሮው 0918 ነው። 0918 ያየ ሰው የኛ አካባቢ ሰው መሆኔን ሳልናገር ያውቃል። ያኔ ቁጥሬን ይዤ ልሂድ ብል መንገድ አልነበረም። መሄድ ከፈለግህ እንደ አዲስ ሰው ነው የምትሄደው።

ሞከርኩት። መጀመሪያ በ07 ለወዳጆቼ ስደውል "ማን ልበል?" ይሉኛል። አብሮኝ ያደገ ሰው "ማን ልበል" ሲልህ ደስ አይልም። ባንክ ሄጄ ቁጥር ልቀይር ስል ፎርም፣ መታወቂያ፣ ወረፋ። ቴሌብር ያለው በ0918 ነው። የልጄ ትምህርት ቤት ያለው እሱ ነው። ወረቀት የሚያመጡልኝ የአዲስ አበባ ጅምላ ሻጮች የያዙት እሱን ነው።

ከሁሉም የባሰው እድር ነው። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ጋሼ አሁንም በመዝገብ ነው የሚሠሩት። ትልቅ፣ ጠርዙ የተላላጠ፣ ከላይ በላስቲክ የተለበጠ መዝገብ ነው። በግራ ስም፣ ቀጥሎ መዋጮ፣ ዳር ላይ ስልክ። ቁጥር የቀየረ ሰው የድሮው በቀይ እስክሪብቶ ይሰረዝና አዲሱ በጥቃቅን ጽሑፍ ከላዩ ይጻፋል። የሞተ ሰው ቁጥርም በዚያው ቀይ ነው የሚሰረዘው። ጋሼ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው አዩኝ። "ስማ፣ ለቅሶ ሲኖር ጥሩምባ ነፊው የቱ ላይ ይደውልልህ?" አሉ። በሁለቱም አልኳቸው። "ሁለት ቦታ የለም" ብለው እስክሪብቶውን ከደኑት። አልፈረድኩባቸውም። በእውነትም ቦታ የለውም።

ስለዚህ እንደ ብዙው ሰው ሆንኩ። 0918 ለሰው፣ 07 ለዳታ። ሁለት ካርድ፣ ሁለት ጥቅል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ከተማው ውስጥ ሁለት ሲም ያለው ስልክ የያዘውን ብትቆጥሩ ግማሹ እንደኔ ነው ብዬ እገምታለሁ። ይሄን "ምርጫ አለን" ብለው የሚያወሩ ሰዎች ያናድዱኛል። እትዬ ድርጅቶቿ ቢያንሱም መውጫ በር አላት። ካልተመቻት ንብረቷን ይዛ ትወጣለች፤ ድርጅቱም ያንን ስለሚያውቅ ትንሽ ይጠነቀቃል። እኔ ሁለት ድርጅት አለልኝ፣ ግን ከአንዱ ስወጣ የሃያ ዓመት ዘመድ አዝማዴን በር ላይ አራግፌ ነው። እንዲህ ከሆነ አራት ድርጅት ቢመጣ ምን ይጠቅመኛል? አራት ሲም የሚይዝ ስልክ ልፈልግ?

በርግጥ በሩ ተከፈተ ማለት ሰው ይወጣል ማለት አይደለም። ኬንያ ቁጥር ይዞ መዛወርን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ የተዛወረው ሰው ግን ጥቂት ነበር። አንዱ ምክንያት የሳፋሪኮም የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ኤም-ፔሳ ነው። ቁጥሩን ይዘህ ብትሄድ ገንዘብህ የሚንቀሳቀስበት አገልግሎት አብሮህ አይሄድም። እኛም ጋ ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ደሞዝ፣ ነዳጅ፣ የመብራት ሂሳብ፣ የእቁብ ገንዘብ ሳይቀር እዚያ ገብቷል። የኤም-ፔሳ አገልግሎትም በ2015 መጨረሻ እኛ አገር መጥቷል። ሰው ከስልኩ ጋር ብቻ ሳይሆን ከቦርሳው ጋር ነው የታሰረው። ይህን ሳስብ ቁጥር ማዛወር ብችል እንኳ ወዲያው እሄዳለሁ ብዬ አልምልም። መሄድ እንደምችል ማወቁ ግን ራሱ ይበቃኛል። ሲደብረኝ የምጠራው ነገር ይኖረኛላ።

ቁጥር ሳይሞት ሲለወጥ አንዴ አይተናል። በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ የአገሩ ስልክ ሁሉ ረዘመ። የጎንደር የቤት ስልክ መነሻው 058 ሆነ፣ ሞባይሉም አሁን የምናውቀውን ባለ አሥር አሃዝ መልክ ያዘ። ያኔ ማንም ከማንም አልተጠፋፋም። የሁሉም ሰው በአንድ ጊዜና በአንድ ሕግ ነበርና የተለወጠው፣ አንዱን ያወቀ የሌላውን መገመት ይችላል። ድርጅቱም ራሱ ስሙን ስንቴ ለወጠ? ባለሥልጣን ሆነ፣ ኮርፖሬሽን ሆነ፣ በ2003 ኢትዮ ቴሌኮም ሆነ። ሰዉ ከድሮ ጀምሮ "ቴሌ" ብሎ ጨርሷል። ስም የሚያስጨንቀው ባለቤቶቹን ነው።

ባለፈው ሳምንት የሱቄን ታፔላ አሳደስኩ። ዝናብና ፀሐይ ተባብረው አገርጥተውታል። ታፔላ ጸሐፊው መሰላል ላይ ሆኖ ስንት ቁጥር ልጻፍ አለኝ። 0918 ይኑር፣ 07ም ይጨመር አልኩት። በክንዱ ለካና ቦታ አይበቃም አለ፤ "ፎቶ ኮፒ" የሚለውን ላሳንሰው ወይስ የቤት ስልኩን ላጥፋው? አሰብኩና 058ን አጥፋው አልኩት። በእሱ የሚደውልልኝ ከእማዬ በቀር ማንም የለም። እሷ ደግሞ ታፔላ አይታ አይደለም የምትደውለው፤ በቃሏ ነው የያዘችው።